እትዬ ኮቴና ሰባተኛው ማሻሻያ

እትዬ ኮቴ ከሰኞ ጀምራ ልትተኛ ነበር። ሌላው ሰው የዓመት እረፍቱን ሲወስድ ዘመድ ይጠይቃል፣ ቤት ያስቀባል፣ ሐይቅ ዳር ሄዶ እግሩን ውሃ ውስጥ ይነክራል። እሷን ያማራት ግን ሃያ የሥራ ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ተዘርግታ ጣሪያ ማየት፣ ጣሪያው ሲሰለቻት ደግሞ ዓይኗን መጨፈን ብቻ ነበር። ለዚህ ሦስት ዓመት ጠብቃለች። ያለፉት ሁለት ዓመታት እረፍቶቿ «ሥራ በዝቷል፣ ትንሽ ይታገሱን» እየተባለ ተቃጥለዋል። የዘንድሮው ዓመት ሊዘጋም የቀረው ልክ ሃያ የሥራ ቀን ነው፤ ሰኞ ካልወጣች እረፍቱ ከጫፉ እየተቆረሰ ይበላል። ፈቃዱ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል። በቀን አራት ጊዜ እየከፈተች ታየዋለች። ታሸተዋለች የሚሉም አሉ።

መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው። በምርምር ሕንጻው ግን ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ ሁሉም እትዬ ኮቴ ይላታል፤ ሥራዋ የአይጥ እግር ማየት ነውና።

በሁለተኛው ፎቅ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሜትር ከሩብ የሚረዝም የመስታወት መተላለፊያ አለ። አይጡ ከወዲህ ጫፍ ይገባና ከወዲያ ወዳለው ጨለማ ሳጥን ይሮጣል። መብራቱ ወደ መስታወቱ የሚገባው ከጎን ስለሆነ የሚበራው የተረገጠው ቦታ ብቻ ነው፤ ከሥር የተተከለው ካሜራ ያንን ብርሃን ይቀርጻል። ከዚያ ሶፍትዌሩ እያንዳንዷን ኮቴ በሳጥን ከብቦ፣ ግራ ፊት፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ኋላ ብሎ ቀለም ይቀባል፤ የትኛው እግር ከብዶ እንደረገጠና የትኛው እንደሚያነክስ ቁጥር ያወጣል። ማለትም፣ ያወጣል ተብሎ ይታመናል። ግራውን ቀኝ ባለ ቁጥር የምታርመው እትዬ ኮቴ ናት። አሥራ አንድ ዓመት አርማለች። ያረመችው የአይጥ እርምጃ ተቀጣጥሎ ቢዘረጋ ዓለምን አንዴ ዞሮ፣ ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር ደክሞት መንገድ ዳር ቁጭ ይል ነበር።

አይጦቹስ ደግ ናቸው። ጠላቷ ማሻሻያ የሚሉት ነገር ነው። ሶፍትዌሩን የሚሠሩት ሰዎች በየጊዜው «አሻሽለነዋል» ይላሉ፤ ባሉ ቁጥር እሷ አንድ ጥርስ ይነቀልባታል። በመጀመሪያው ማሻሻያ «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ «ሰርዝ» ወደነበረበት ቦታ ተዛወረ፤ የሁለት ወር ሥራ በገዛ ጣቷ ደመሰሰች። ሦስተኛው በየአሥራ አንድ ደቂቃው የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሆነ። በአምስተኛው ጅራት እግር ተባለና የምድር አይጥ ሁሉ አምስት እግር አበቀለ። ስድስተኛው ደግሞ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ተደስተዋል?» እያለ አምስት ኮከብ ይዘረጋላት ጀመር። አንድ ኮከብ ስትሰጠው «ስለ መልካም አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ይላታል። እንዲህ ያለውን ዓይነ ደረቅ በምን ትሰድበዋለህ?

ሰባተኛው ማሻሻያ ግን እረፍቷ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት ድምፁን ሳያሰማ ገባ፤ ደግሞም ሠራ! ቁልፎቹ በቦታቸው ናቸው። ጅራት ጅራት ነው። ቀድሞ ሙሉ ሳምንት የሚፈጀውን ሥራ በሁለት ቀን ጨርሶ አረንጓዴ ምልክት አደረገበት። እትዬ ኮቴ ሙሽራው በሰዓቱ እንደደረሰላት ሙሽራ ግራ ገባት።

ሥራው የዶክተሩ ነበር። ዶክተሩ ቀጭን፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ አዛንፎ የሚቆልፍ ሰው ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መድኃኒት ላይ ተንጠልጥሏል። የቀኝ ኋላ እግራቸው ነርቭ የተጎዳ አርባ ስምንት አይጦች አሉት። ሃያ አራቱ መድኃኒቱን፣ ሃያ አራቱ ተራ ውሃ ይጠጣሉ። በአራተኛው ሳምንት፣ በስድስተኛው ሶፍትዌር ሲለኩ፣ ሁሉም እንደ ጡረተኛ ያነክሱ ነበር። አሁን ስምንተኛው ሳምንት ነው። ረቡዕ ዕለት የመድኃኒት ጠጪዎቹ አይጦች ውጤት ሲወጣ ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ ኮሪደር ለኮሪደር ሮጠ።

«እትዬ! ድነዋል! ሁሉም ድነዋል!» ብሎ እሷን አቀፈ፤ የጽዳት ሠራተኛዋን አቀፈ፤ ማተሚያውንም ሊያቅፈው ትንሽ ነው የቀረው። «ዓርብ ከሰዓት ሪፖርቱን ለምርምር ኮሚቴው እልካለሁ። የውሃ ጠጪዎቹን ከእረፍት ሲመለሱ ያደርሱልኛል። ይረፉ! አሁን እርስዎ ካላረፉ ማን ይረፍ!»

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ታሪክ አጭርና ደስ የሚል ይሆን ነበር። ችግሩ፣ እትዬ ኮቴ ያላለቀ ሥራ ጠረጴዛ ላይ ጥላ መተኛት አትችልም፤ ሥራው በሕልሟ መጥቶ ያነጋግራታል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት፣ ማንም ሳያዛት፣ የውሃዎቹን ፊልም ለሶፍትዌሩ ሰጠችው።

ውሃ የጠጡትም ድነዋል።

አንዱ ሳይቀር። ሃያ አራቱም የቧንቧ ውሃ ጠጥተው እንደ ፈረስ ይረግጣሉ። እትዬ ኮቴ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ውሃው እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ በሰፈሯ አንድም አንካሳ ባልኖረ ነበር።

ወደ ምድር ቤት ወረደች። እዚያ የአይጦቹን የሽቦ ቤት፣ ኬጆቹን፣ የሚያጸዳና የሚመግባቸው ሰውዬ አለ፤ የአይጦቹ አባት ይሉታል። እያንዳንዱን አይጥ የሚያውቀው በጠባዩ ነው። ከውሃ ጠጪዎቹ አሥራ አራተኛውን «ኮሎኔሉ» ብሎታል፤ እግሩን እየጎተተም ቢሆን ደረቱን ነፍቶ ስለሚሄድ።

«ጋሼ፣ እስቲ ኮሎኔሉን ያሳዩኝ።»

«ምን አጠፋ ደግሞ?»

«ድኗል ተባለ።»

የአይጦቹ አባት መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፈ። «ማን ነው ያለው?»

«ኮምፒዩተሩ።»

«እንግዲያው ኮምፒዩተሩ ይምጣና ውሃ ያጠጣው፤ የውሃ ጡጦው ጋ ለመድረስ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅበት።» ኬጁን ከፍቶ ኮሎኔሉን ጠረጴዛ ላይ አወረደው። አይጡ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተራመደ፤ ቀኝ የኋላ እግሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ እየተጎተተ ተከተለው። «ይኸውልሽ እህቴ፣ የዳነው ሰውዬ» አለ የአይጦቹ አባት። «እኔ ራሴ ከሱ ጋር ብወዳደር ነው የምቀድመው፤ እኔ ደግሞ ወገቤን ታውቂዋለሽ።»

ተመልሳ ወጣችና የኮሎኔሉን ፊልም በገዛ ዓይኗ፣ ቀስ አድርጋ አየችው። የሚጎተተው እግር መስታወቱን በደንብ አይጫነውም፤ ጭስ የመሰለ ደብዛዛ ጭረት ብቻ ይተዋል። ሰባተኛው ማሻሻያ ያንን ጭረት እንደ ቆሻሻ ጠርጎ አውጥቶታል። ኮሎኔሉ ከአሥር እርምጃ ሰባቱን ይጎትታል፣ ሦስቱን እንደምንም ይረግጣል። ሰባቱ ተጥለው ሦስቱ ብቻ ቀርተዋል፤ በሦስቱ ሲለካማ ኮሎኔሉ ሰልፍ መሪ ነው።

የእርዳታ መስመሩ ላይ ደወለች። አርባ ደቂቃ አንድ ዓይነት ሙዚቃ ካሰሟት በኋላ ድምፁ የሻከረ ሰው አነሳ።

«ልጄ፣ ማሻሻያችሁ የታመመ እግር ይጥላል» አለችው። «ደብዘዝ ያለ ኮቴ ካገኘ ጠርጎ ነው የሚያወጣው።»

«አዎ! እሱማ ትልቁ ሥራችን ነው እትዬ!» ሰውዬው ነቃ አለ። «ከተጠቃሚ የመጣ ጥያቄ ነው። ስንት ደብዳቤ ይደርሰናል፤ እንደሱ አንጀት የሚበላ ግን አላየንም። ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ላንብብልዎት?»

«አያስፈልግም ልጄ፣ እኔ የደወልኩት...»

«'ለተከበራችሁ የሶፍትዌር ሰዎች። አይጥ ሲፈራ ይሸናል። ይህን የማታውቁት አይጥ አይታችሁ ስለማታውቁ ነው። ሶፍትዌራችሁ የሽንት ጠብታ ባየ ቁጥር እግር ነው ይላል። ትናንት አንድ አይጥ አሥራ ሰባት እግር ወጣለት። እባካችሁ ደብዛዛ የሆነ ነገር ሁሉ ይጥፋልኝ! ዓይኔ አልቋል፣ ዕድሜዬም እየተከተለው ነው።'» ሰውዬው በስልኩ ውስጥ ሳቀ። «ጻፊዋን ባገኛት እጇን እስም ነበር።»

እትዬ ኮቴ ደብዳቤውን አወቀችው። ቃሉ የራሷ ነበር። አምና ነው፣ ክፉኛ የመረራት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጽፋ ልካ የረሳችው። ስድስት ማሻሻያ ሙሉ አልሰሟትም፤ ሰባተኛው ላይ ቃል በቃል ሰሟት። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይሄው ነው።

«አውቃታለሁ» አለች በመጨረሻ። «በጣም ደክሟታል። ይልቅ ወደ ስድስተኛው መመለስ አይቻልም?»

«ሰባተኛው ሲገባ ስድስተኛውን አጥፍቶ ነው የሚገባው። ስምንተኛው ላይ እናስተካክለዋለን፤ ከሦስት ወር በኋላ። ሁለት ነን እኮ የምንሠራው፣ አንዳችን ደግሞ እረፍት ላይ ነው።»

«ምን እያደረገ ነው?»

«ማን?»

«እረፍት ላይ ያለው።»

«እኔ እንጃ። ተኝቶ ይሆናላ።»

እትዬ ኮቴ ምራቋን ዋጠች።

«በእጅ ግን ምልክት ማድረግ ይቻላል እትዬ፤ እሱን አልነካንም» አለ ሰውዬው ሊያጽናናት።

ስልኩን ዘግታ እርሳስ አነሳች። አርባ ስምንት አይጥ፣ ለእያንዳንዱ ስድስት ፊልም፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት። አንዱ በእጅ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ዘጠና ስድስት ሰዓት። አሥራ ሁለት የሥራ ቀን። ከሃያው ላይ አሥራ ሁለቱ ሲቃጠል ስምንት ይቀራል። መሳቢያውን ከፍታ ፈቃዱን አየችው፤ በዚህ ቀን አምስተኛ ጊዜዋ መሆኑ ነው።

ዝም ብትልስ? የውሃዎቹን ውጤት የጠየቃት የለም። ዶክተሩ ዓርብ ይልካል፣ እሷ ሰኞ ትተኛለች፣ ከወር በኋላ ተመልሳ «ጉድ ተገኘ» ብትል ማን ይጠረጥራታል? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ደግሞ ከተናገረች «ማን ነው ይህን ማሻሻያ ያስደረገው?» መባሉ አይቀርም።

ማታ ራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጮህበት ስለሚውል ቤት ውስጥ ጸጥታን የሚደግፍ ሰው ነው።

«ዝም በያ» አለ ሳያኝክ ውጦ። «ሦስት ዓመት ሙሉ 'ሰኞ እተኛለሁ' ስትዪ እኔ ነኝ የሰማሁሽ። ዓይንሽን አይተሽዋል? ቲማቲም መስሏል። እነሱ ለአንቺ ምን አደረጉልሽ?»

«ፍሬንህ ከአሥር ጊዜ ሦስት ጊዜ ቢይዝ፣ ይይዛል ብለህ ትፈርማለህ?»

«እሱማ እንዴት ይሆናል። ሰው እኮ ነው የምጭነው።»

«መድኃኒቱንስ ነገ የሚጠጣው ማን መሰለህ? አይጥ ብቻ?»

ባሏ ጥቂት አኘከ። «እሺ» አለ። «ግን እኔ 'ፍሬን አይያዝልኝ' ብዬ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።» ብሎ ሳቁ አመለጠው። እሷም ሳቀች፤ ስቃ ስትጨርስ ግን ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና ለማንሳት ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የዶክተሩን በር አንኳኳች። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ እሱንም አንድ ቁልፍ አዛንፎታል።

«ዶክተር፣ የውሃዎቹም ድነዋል።»

«ምን?»

«ሃያ አራቱም። ኮሎኔሉን ሳይጨምር አይደለም፤ እሱንም ጨምሮ። እግሩን ሲጎትት ትናንት አይቼዋለሁ።» ሁሉንም ነገረችው፤ ጭረቱን፣ የተጠረጉትን ሰባት እርምጃዎች፣ በመጨረሻም ደብዳቤውን። «ይጥፋልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ሽንቱን ነበር ያልኩት፤ እነሱ እግሩንም አጠፉት።»

ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲል ወንበሩ ራሱ ያዘነ መሰለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«አንድ ቀን» አለ ወለሉን እያየ። «አንድ ቀን ብቻ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት፣ እትዬ? እንዲያው አንድ ቀን ቢያስደስቱኝ?»

«ረቡዕን ሙሉ ተደስተዋል እኮ፣ ዶክተር።»

አልሳቀም። እሷም ልታስቀው ብላ አልነበረም። ወጥታ ክፍሏ ገባች፣ የመጀመሪያውን ፊልም ከፈተች፣ ሶፍትዌሩን «በእጅ» ላይ አድርጋ የኮሎኔሉን ቀኝ የኋላ እግር በሳጥን ከበበች። ፈቃዱን ከመሳቢያው አውጥታ ወደ አስተዳደር ላከችው። የአስተዳደሯ ሴትዮ «ሃያ» የሚለውን ሰርዛ «ስምንት» ብላ ጻፈችበትና «መልካም እረፍት» የሚል ማስታወሻ ለጥፋ መለሰችው።

ከምሳ በኋላ ዶክተሩ ወንበር ተሸክሞ መጣ። ለኮሚቴው ጽፎ አሥራ ሁለት የሥራ ቀን አስፈቅዷል።

«አሳዩኝ» አለ። «ሁለት ሆነን በስድስት ቀን እንጨርሰዋለን። ስድስቱን ቀን ይተኛሉ።»

ሐሳቡ መልካም ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ግን ዶክተሩ የአይጥ ኮቴ አይቶ አያውቅም፤ የኮቴ ቁጥር ነው ያየው። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ፊልም ጨረሰ።

«ይሄ ግራ ፊት ነው» አለ በኩራት።

«ሽንት ነው፣ ዶክተር።»

«ይሄስ?»

«እሱ የርስዎ ጣት ነው። ስክሪኑን ሲነኩት የቀረ አሻራ።»

ሰኞ አራት ፊልም ሠራ፤ ሦስቱን መልሳ ሠራችው። ማክሰኞ ስድስት ሠራ፤ አራቱን መልሳ ሠራችው። የእርሱ እርዳታ ሲደመር ሲቀነስ ሥራውን በግማሽ ቀን አራዘመው፤ እሷ ግን «ተዉት» አላለችውም። ሐሙስ ላይ፣ ምንም ሳይጠይቃት፣ ስክሪኑን በጣቱ ጫፍ አሳይቶ «ይሄ... እየጎተተ ነው፣ አይደል?» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«እየጎተተ ነው» አለች።

«ቁጥሩ ላይ እንዲህ አይታይም ነበር።»

«ቁጥር ሲጎተት አይታይማ።»

ቀኖቹ እንዲህ አለፉ። አንዱ ሲያዛጋ ሌላው ይከተላል፤ ሻይ ይመጣል፣ ሻይ ይቀዘቅዛል። የአይጦቹ አባት በየጠዋቱ በበሩ ብቅ እያለ «ኮሎኔሉ ሰላም ብሏችኋል፤ አልዳነም» ይልና ይወርዳል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የሥራ ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንተኛው ፊልም ተዘጋ። እትዬ ኮቴ ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አወጣች።

ውሃ የጠጡት ያነክሳሉ። መድኃኒት የጠጡትም ያነክሳሉ። መድኃኒቶቹ ግን ከአሥር እርምጃ ስድስቱን ነው የሚጎትቱት፤ ውሃዎቹ ሰባቱን።

ዶክተሩ ወረቀቱን ተቀበለ። ኮሪደር ለኮሪደር አልሮጠም።

«አንድ እርምጃ» አለ።

«አንድ እርምጃ ናት፣ ዶክተር። እሷ ግን የእውነት ናት፤ አንድ በአንድ ቆጥሬያታለሁ።»

«አራት ዓመት ለአንድ እርምጃ።»

«አሥር ዓመት ሠርቶ ግማሽ እርምጃ ያላገኘም አለ እኮ በዚህ ሕንጻ» አለች ቦርሳዋን እያነሳች። «ደግሞ እሱን እረፍት ላይ ልከውታል።»

ይህን ጊዜ ዶክተሩ ሳቀ፤ ትንሽ፣ በአፍንጫው ብቻ። ተቀምጦ ለኮሚቴው መጻፍ ጀመረ፣ አንዲቷን እርምጃ ሳያሳንስም ሳያገዝፍም። ኮሚቴው ምን እንደሚል እሱም አያውቅም። በሩ ላይ ስትደርስ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት፤ «ያን ዓርብ ያልኩትን ይርሱልኝ።»

«ምን እንዳሉ አላስታውስም» አለች። ታስታውሳለች። ስምንቱን ቀን ግን በዚያ ልታሳልፍ አላሰበችም።

ቤት ስትደርስ ባሏ መጋረጃውን ዘግቶ ጠበቃት፤ ስልኳንም ነጥቆ ኩሽና ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ቀጥሎ ጋደም አለች። ባሏ ጎንበስ ብሎ ጫማዋን እየፈታ ጠየቃት።

«አሥራ ሁለት ቀን ነው እኮ የበሉብሽ። እውነቷን ንገሪኝ፣ አይቆጭሽም?»

መልሱን ጠበቀ። አንደኛውን ጫማ አውጥቶ ወለሉ ላይ አኖረ፣ ሁለተኛውን መፍታት ጀመረ፤ ክሩ ተቋጥሮ ኖሮ አስቸገረው። «እ?» አለ ደግሞ።

እትዬ ኮቴ ታንኮራፋ ነበር።